አባቴ ይህን አልጻፈም

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። አንዲት የታሪክ ትምህርት ክፍል የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን እንደታቀፈች ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሪፈረንስ ክፍል ነው። አብዛኛውን ቀን የምውለው የመመረቂያ ጽሑፍ ከሚጽፉ ልጆች ጋር ነው። ፊቷን ሳየው መልካም ዜና ይዛ እንዳልመጣች ገባኝ።

«ጋሼ፣ አማካሪዬ ረቂቁን መለሱልኝ» አለች።

ከቦርሳዋ የታተመውን ረቂቅ አወጣች። ምዕራፎቹ ላይ ብዙም እርማት የለም። መጨረሻ ላይ ካለው የዋቢ ዝርዝር ስንደርስ ግን አንድ መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። የተከበበው የራሳቸው የአማካሪዋ ጽሑፍ ነው። ከጎኑ በእጃቸው እንዲህ ጽፈዋል፦ «ይህ የአባቴ ስም ነው። አባቴ ይህን አልጻፈም። ገበሬ ነበር፤ ፊደል አልቆጠረም።»

ልጅቷ እንባዋ ሊመጣ ደርሷል። «እኔ እኮ አይደለሁም ጋሼ፤ ዞቴሮ ነው እንደዚያ ያደረገው» አለች።

እውነቷን ነው። ዞቴሮ ምንጮችን የሚይዝና የዋቢ ዝርዝር የሚያወጣ ሶፍትዌር ነው። ጽሑፉን ከኢንተርኔት በአንድ ክሊክ ወደ ሶፍትዌሩ አስገባችው። ሶፍትዌሩ ደግሞ ሁለተኛውን ስም አየና የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ወደ ፊት አመጣው። የራሳቸውን ስም በአንድ ፊደል አሳጥሮ ከኋላ ወሸቀው። በዝርዝሩ ላይ የቀሩት አባትየው ብቻ ናቸው።

ያቺን አንድ መስመር ለማስተካከል ግማሽ ደቂቃም አልወሰደብንም። ከዚያ ሌሎቹን ማየት ጀመርን። ከምሳ በኋላ ተቀምጠን ስንነሳ ጥበቃው መብራት ሊያጠፋ እየዞረ ነበር። ያ ቀይ ክብ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ስለ ሪፈረንስ ሶፍትዌር አጠቃቀም ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው መመሪያ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ግን አብዛኛው ስሚዝና ጆንሰን ለሚባሉ ሰዎች የተጻፈ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚቃና በአማርኛ የጻፈ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ከጠረጴዛዬ ያየሁትን ልጻፍ።

እኔ የማስተርስ ጽሑፌን የሠራሁት በ2003 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሪፈረንስ የምይዘው በካርድ ነበር። ለእያንዳንዱ ምንጭ አንድ ካርድ፤ ካርዶቹ በሙሉ በጫማ ካርቶን ውስጥ። ጽሑፉ ሊያልቅ ሲል አማካሪዬ የግርጌ ማስታወሻውን ትቼ ምንጩ በቅንፍ ወደሚጻፍበት፣ ኤ.ፒ.ኤ. ወደሚባለው የአጠቃቀስ ስታይል እንድቀይር ነገሩኝ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋና በሻማ ካርድ ስደረድር አነጋሁ። ከሁሉም የቆጨኝ ግን ድካሙ አልነበረም። አንድ ካርድ ላይ ጥሩ ጥቅስ ገልብጬ ከሥሩ «ገጽ ?» ብዬ አልፌዋለሁ። መጽሐፉን እንደገና ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈለግሁ፤ አልተገኘም። ጥቅሱን ከጽሑፌ አወጣሁት። የምዕራፉ ማሰሪያ እሱ ነበር።

ዛሬ ያ የስታይል ቅየራ በሶፍትዌር የአንድ ክሊክ ሥራ ነው። ገጽ ቁጥሩን ግን አሁንም የሚጽፍልን የለም። ይህን ለተማሪ ሁሉ የምናገረው ለዚህ ነው፤ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው።

የትኛውን እንጠቀም ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ዞቴሮን ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ፣ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታሪክ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ያወጡት ነው። ነፃ ነው። ስሙ ከአልባንያ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን አንድን ነገር የራስ ማድረግ፣ በሚገባ መያዝ እንደማለት ነው፤ ለእኔ ደስ የሚል ስም ነው። ሜንዴሌይ ብዙ ተማሪዎቻችን የለመዱት ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኤልሰቪየር የተባለው አሳታሚ ገዛው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የድሮው የዴስክቶፕ ፕሮግራም ማውረጃው ተዘግቶ በአዲስ ተተካ። ኤንድኖት ጠንካራ ነው፤ ግን በገንዘብ የሚገዛ ነው። የተሰበረ ኤንድኖት በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አያለሁ። እባካችሁ ተዉት። የሁለት ዓመት ድካማችሁን ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ፋይል ላይ አታሳርፉ።

ዞቴሮን የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ሁሉም ነገር የሚቀመጠው በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ዋይፋይ ቢጠፋ ማንበብ፣ ማስታወሻ መያዝ፣ ወርድ ላይ ሳይቴሽን፣ ማለትም በጽሑፉ መካከል የምንጩን መጥቀሻ፣ ማስገባት ትችላላችሁ። ኔትወርክ ሲመጣ ያኔ ያመሳስላል። ኢንተርኔት ሲኖርና ሳይኖር የምንሠራ ሰዎች ነንና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ስም ልመለስ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሳችን ስም አለ፣ የአባታችን ስም አለ። አበቃ። ባሕሩ ዘውዴ ማለት የዘውዴ ልጅ ባሕሩ ነው። በውጭ አገር ጽሑፎች ውስጥ ግን ፕሮፌሰሩን «ዘውዴ እንደሚለው» እያሉ የሚጠቅሱ ስንት አሉ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የካታሎግ ካርድ ስስብ ሰውን የምፈልገው በራሱ ስም ነበር። አምስት ቅጽ ያለው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም ኢትዮጵያውያንን የሚያስቀምጠው በራሳቸው ስም ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ የታወቀ ነው። አዲስ ነገር እንፍጠር አላልንም።

ዞቴሮ ውስጥ መፍትሔው ያለው አንዲት ትንሽ ምልክት ላይ ነው። አንድ ምንጭ ስትከፍቱ የደራሲው ስም ለሁለት ተከፍሎ፣ የቤተሰብ ስም በአንድ ወገን የራስ ስም በሌላ ወገን ሆኖ ይታያል። ከስሙ አጠገብ ያለችውን ምልክት ስትጫኗት ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። እዚያ ውስጥ ስሙን ከነአባቱ በቅደም ተከተሉ ጻፉት። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩ አይገለብጠውም፣ አያሳጥረውም። በቅንፍም ውስጥ፣ በዝርዝሩም ላይ ባሕሩ ዘውዴ ብሎ ሙሉውን ያወጣዋል። የድርጅት ስም የሚገባውም በዚሁ መንገድ ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስን ሪፖርት «ስታቲስቲክስ፣ ማ.» ሆኖ ያገኘሁበት ረቂቅ አለ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የጥምር ስሞች ነገር ነው። ኅሩይ ወልደ ሥላሴን አስቡ። ሶፍትዌሩ የመጨረሻውን ቃል ብቻ ያነሳና «ሥላሴ፣ ኅ. ወ.» ያደርገዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «መድኅን፣ ጸ. ገ.» ይሆናል። አንድ ጊዜ ያየሁት ዝርዝር ላይ ሥላሴ የሚባል ደራሲ አራት ጊዜ ተደርድሯል። አራቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንባቢ ያንን ስም ይዞ ቤተ መጻሕፍት ቢመጣ የትኛውን አወጣለታለሁ? ወልደ ሥላሴ አይከፈልም፤ ገብረ መድኅን አይከፈልም። ሁለት ቃል ይሁን እንጂ አንድ ስም ነው።

ማዕረግም ያስቸግራል። ብላቴን ጌታ፣ አለቃ፣ ቀኝአዝማች፣ ዶክተር። አክብሮቱ ይገባኛል። ግን ስም ሳጥኑ ውስጥ ከገባ ዝርዝሩ በማዕረግ ይደረደራል። አለቆች ሁሉ አንድ ላይ፣ ዶክተሮች ሁሉ አንድ ላይ ይሰለፋሉ። ማዕረጉን በጽሑፋችሁ ውስጥ ጥሩት፤ ሳጥኑ ውስጥ ስሙ ብቻ ይግባ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ኖሮ የአባቱን ስም ራሱ እንደ ቤተሰብ ስም አድርጎ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ምሁር አለ። ስሙ የእሱ ነውና እሱ እንደጻፈው ተዉለት። መጥፎው አንዱን ሰው በሁለት መንገድ ማስገባት ነው። አንድ ቦታ በራሱ ስም፣ ሌላ ቦታ በአባቱ ስም ከገባ ሶፍትዌሩ ሁለት ሰው ነው ብሎ ያምናል። የምትልኩለት መጽሔት የራሱ ደንብ ካለው ደግሞ ደንቡን እዩ። ደንቡ ልክ ካልመሰላችሁ ለአዘጋጁ ጻፉለት። እኔ ጽፌ አውቃለሁ፤ ተቀብለውኛል።

ሁለተኛው የእኛ ጣጣ ዘመን ነው። መጽሐፉ ሽፋን ላይ 1958 ዓ.ም. ይላል። ተማሪው 1958 ብሎ የቀን ሳጥኑ ውስጥ ይጽፋል። ሶፍትዌሩ 1958 ሲያይ የፈረንጅ ዓመት ነው የሚመስለው። የእኛ 1958 ግን የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1965 ነው፤ የሚያልቀው በ1966። ታዲያ ያ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1963 ለወጣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መልስ እየሰጠ ቢሆንስ? በዝርዝሩ ላይ ጥያቄው ሳይጠየቅ አምስት ዓመት ቀድሞ የመለሰ ይመስላል። የታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ከሆነ የቀን ሳጥኑ ውስጥ የፈረንጁን ዓመት አስገቡ። የታተመበት ወር ከታወቀ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ደምሩ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት ደግሞ «ኤክስትራ» በሚለው ሳጥን ወይም በማስታወሻ እንደታተመ ጻፉት፤ እንዳይጠፋ። በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነና አማካሪያችሁ ከፈቀዱ ሁሉንም በዓ.ም. ይዛችሁ መግቢያው ላይ አስታውቁ። ዋናው አለመቀላቀል ነው። ሁለቱ ዘመኖች ያለ ምልክት የተደባለቁበትን ዝርዝር ማቃናት ስንዴን ከጤፍ መልቀም ነው።

ፊደልም የራሱ ነገር አለው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሦስት ናቸው። «ፀሐይ» ብላችሁ ያስገባችሁትን መጽሐፍ «ጸሀይ» ብላችሁ ብትፈልጉት የለም ይላችኋል። ዓለምና አለም፣ ሠራተኛና ሰራተኛ እንደዚያው። አንድ የዶክትሬት ተማሪ መጽሐፉ ጠፋብኝ ብሎ ሦስት ጊዜ አስገብቶታል፤ በሦስት የተለያየ አጻጻፍ። ሶፍትዌሩም ድግግሞሽ የሚፈልግበት ቦታ ላይ ሦስቱን አንድ ናቸው ብሎ አላወቃቸውም። በጽሑፉም ውስጥ አንዱ መጽሐፍ ሦስት ሆኖ ተጠቀሰ።

ለዚህ የያዝኩት ልማድ አለ። ርዕሱን ሽፋኑ ላይ በታተመበት ፊደል እጽፋለሁ፤ አላርምም። ደራሲው በዐይኑ ዐ ከጻፈ በዐይኑ ዐ። ከዚያ ታግ በሚባለው ቦታ እኔ ሁልጊዜ በምጽፍበት ቀላል ፊደል ቁልፍ ቃሉን እደግመዋለሁ። ስፈልግ በዚያ አገኘዋለሁ።

ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት ፎንቶች ነገር ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ዩኒኮድ ማለት ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት የሚያነቡበት ሥርዓት ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ለብዙ ዓመታትም ከዚያ በኋላ፣ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች በድሮ የግዕዝ ፎንት ናቸው። ፒዲኤፉን ስትከፍቱት ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ርዕሱን ኮፒ አድርጋችሁ ስታመጡት ግን የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ሶፍትዌሩም ከፋይሉ ውስጥ መረጃ ላውጣ ሲል የሚያገኘው ያንኑ ነው። ስካን የተደረገ ከሆነ ደግሞ ከነአካቴው ምንም አያገኝም። እነዚህን በእጅ ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለም። ዓይነቱን «ቴሲስ» በሉት። ስሙን፣ ርዕሱን፣ ዓመቱን፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት መሆኑን ጻፉ። አምስት ደቂቃ ነው። እነዚያ ጽሑፎች ሌላ ቦታ የማይገኝ ዕውቀት የተቀበረባቸው ናቸው፤ አምስት ደቂቃ ይገባቸዋል።

አዋጅ ለምትጠቅሱ፣ በተለይ ለሕግ ተማሪዎች፣ ዞቴሮ ለሕግ የተለየ ዓይነት አለው። ነጋሪት ጋዜጣን እንደ ተራ ጋዜጣ አታስገቡት። የአዋጁ ቁጥር ርዕሱ ውስጥ ይግባ። ያለ ቁጥሩ ማንም አያገኘውም።

የውጭ ጽሑፍ ለመሰብሰብ ቀላል ነው። ብራውዘራችሁ ላይ የዞቴሮን ማገናኛ ጫኑና ጽሑፉ ገጽ ላይ ሆናችሁ ንኩት። መጽሔቶችን ለታዳጊ አገሮች በሚያቀርበው በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል፣ በክፍሎቹ በሂናሪም ሆነ በአጎራ፣ የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ መጽሔት በነፃ ያገኛሉ። በዚያ በኩል ገብታችሁ ማገናኛውን ስትነኩት ፒዲኤፉም አብሮ ይወርዳል። ከጉግል ስኮላር ዝርዝር በጅምላ ማስገባትን ግን አልወድም። ስም ቆርጦ ያመጣል፣ ርዕስ ሁሉንም በትልልቅ ፊደል ያመጣል፣ የመጽሔቱን ስም ያጎድላል። ወደ ጽሑፉ የራሱ ገጽ ግቡና ከዚያ ያዙት። ከያዛችሁ በኋላ ሳትነሱ ተመልከቱት። ስም፣ ዓመት፣ ርዕስ። አሥር ሰኮንድ ነው። ነገ አያለሁ ያለ ሰው ጽሑፉን በፈታኞች ፊት በሚከላከልበት በዲፌንሱ ዋዜማ ነው የሚያየው።

እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ከእያንዳንዱ ምንጭ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፦ ይህን ለምን አስቀመጥኩት? «ለምዕራፍ ሁለት፤ የእህል ዋጋ ሠንጠረዥ ገጽ 47 ላይ» ዓይነት። ያለዚያ ከስድስት ወር በኋላ ሦስት መቶ ፒዲኤፍ ይኖራችኋል፤ አንዱም ለምን እንደወረደ አታስታውሱም።

ስለ መጥፋት ልናገር። ይህ ክፍል ልቤን ይነካዋል።

አንድ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። አራት ዓመት ሰብስቧል። ላፕቶፑ ሲያስቸግረው ሠፈሩ ወዳለ ጠጋኝ ወሰደው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ዴስክቶፑንና ዶክመንትስ የሚለውን ፎልደር በጥንቃቄ በሃርድ ዲስክ ገለበጠለት። ከዚያ ፎርማት አደረገው። ተማሪው ቤቱ ሄዶ ዞቴሮን መልሶ ሲጭን ባዶ ነው። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? የዞቴሮ ፎልደር ዶክመንትስ ውስጥ አይደለም ያለው። ከዶክመንትስ ጎን፣ በተጠቃሚው ስም ሥር፣ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ጠጋኙ አላየውም። ተማሪው አካውንት ከፍቶ አመሳስሎ አያውቅም ነበር። ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። እኔም የምለው አጣሁ።

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ይህን አንብባችሁ ሳትነሱ፣ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ በነፃ አካውንት ክፈቱና አመሳስሉ። ነፃው ቦታ 300 ሜጋባይት ነው፤ ያ ግን ለፒዲኤፎቹ ነው። የምንጮቹ መረጃ ራሱ፣ ማስታወሻችሁም ጭምር፣ ከዚያ ላይ አይቆጠርም። ቦታው ሞላ ብላችሁ ማመሳሰሉን አታቁሙ። ፋይል መላኩን ብቻ ዝጉትና መረጃው ይሂድ። አንድ ስካን የተደረገ የቆየ ቴሲስ ብቻውን 50 ሜጋባይት ሊሆን ስለሚችል ቦታው ቶሎ መሙላቱ አይቀርም። ሁለተኛ፣ በወር አንድ ቀን ዞቴሮን ዝጉና ያንን ፎልደር እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡት። ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ አትገልብጡ። ፎልደሩን ራሱን ደግሞ ድሮፕቦክስ ወይም ዋንድራይቭ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ዳታቤዙ ይበላሻል። ብልህነት መስሏቸው ይህን ያደረጉ ሁለት ልጆች አውቃለሁ።

የኮምፒውተር ላብ የምትጠቀሙ ደግሞ ስትነሱ ከአካውንታችሁ ውጡ። የላብ ማሽን የማንም አይደለም፤ ነገ ጠዋት ተጠርጎ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ወርድ ላይ ስትጽፉ በቅንፍ ውስጥ ያለውን በእጅ አትነካኩት። ስህተት ካያችሁ ወደ ዞቴሮ ተመልሳችሁ ምንጩን አርሙና «ሪፍሬሽ» በሉት። በእጅ ያረማችሁትን በሚቀጥለው ጊዜ ይመልሰዋል። ገጽ ቁጥር ግን ሳይቴሽኑን ስታስገቡ በራሱ ቦታ ይጻፋል። ረቂቁን በቴሌግራም ልካችሁ ስልክ ላይ ከፍታችሁ ማረም የምትወዱ ካላችሁም ተጠንቀቁ፤ ስልክ ላይ ያሉ አንዳንድ መተግበሪያዎች ፋይሉን ሲያስቀምጡ ከዞቴሮ ጋር ያለውን ክር ይበጥሱታል። ሁሉም አልቆ ወደ ኅትመት ሲሄድ ክሩን የምትፈቱበት ቁልፍ አለ፤ «አንሊንክ» ይላል። እሱን የምትነኩት ቅጂው ላይ ብቻ ነው። ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ። ከዲፌንስ በኋላ እርማት እንደሚመጣ አትርሱ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ተማሪ አንድ ርዕስ ጽፎ ይመጣና «ይህን ጽሑፍ አምጡልኝ» ይላል። እፈልጋለሁ። መጽሔቱ አለ። ቅጹም አለ። በተባለው ገጽ ላይ ግን ሌላ ሰው የጻፈው ሌላ ጽሑፍ ነው ያለው። ከየት አመጣኸው ስለው ከቻትጂፒቲ ነው ይለኛል። ማሽኑ የፈጠረው ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በዓለም ላይ የለም። እዚህ ላይ ዞቴሮ በጣም ይረዳል። የአስማት ዘንግ የምትመስል ምልክት አለችው። የጽሑፉን መለያ ቁጥር (ዲ.ኦ.አይ.) ወይም የመጽሐፉን መለያ ቁጥር (አይ.ኤስ.ቢ.ኤን.) ስታስገቡላት መረጃውን ከተመዘገበበት ታመጣዋለች። ቁጥሩ የውሸት ከሆነ አታገኘውም፣ ወይም ሌላ ጽሑፍ ታመጣለች። ያኔ ተጠራጠሩ። የእኛ አገር ብዙ ሥራዎች ቁጥር የላቸውም፤ ለእነሱ ፈተናው አንድ ነው። በእጃችሁ ይዛችሁታል? ገልጣችሁታል? ያልገለጣችሁትን አትጥቀሱ።

ወደዚያች ልጅ ልመለስ።

ግንቦት ላይ እንደገና መጣች። አማካሪዋ የተስተካከለውን ዝርዝር አይተው ከራሳቸው ስም ጎን ትንሽ የራይት ምልክት አድርገውበታል። ያንን አሳየችኝ። የመጣችው ግን ለሌላ ነገር ነው። ጽሑፏ ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ገበያ ታሪክ ነው። ከቃለ መጠይቆቿ መካከል አንዱ ከአያቷ ጋር ያደረገችው ነው። አያቷ እዚያ ገበያ ውስጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ በርበሬ ሸጠዋል። የጨው ዋጋ መቼ እንደጨመረ፣ የትኛው ነጋዴ ከየት እንደመጣ፣ ገበያው ከየት ወዴት እንደተዛወረ በቃላቸው ያውቃሉ።

«ጋሼ፣ እማማን የት ነው የማስገባት?» አለችኝ። «እሳቸው እኮ መጽሐፍ የላቸውም።»

ለቃለ መጠይቅ የራሱ ዓይነት እንዳለ አሳየኋት። ሳጥኑ ተከፈተ። ስሙ እንደ ልማዱ ለሁለት ተከፍሎ መጣ። ምንም ሳልናገር ያቺን ትንሽ ምልክት ተጫነቻት፤ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ሆኑ። የአያቷን ስም ከነአባታቸው ጻፈች። ርዕሱ ላይ የተነጋገሩበትን ጉዳይና የከተማዋን ስም፣ ቀኑ ላይ ጥር ወር የተገናኙበትን ቀን ጻፈች። ከማስታወሻው ሥር ቅጂው በየትኛው ፋይል እንዳለ አከለች።

ከዚያ ወርድ ከፈተችና ሪፍሬሽ አለችው። ዝርዝሩ አንዴ ዘለል አለ። አያቷ በፊደል ተራቸው ከአንድ ፕሮፌሰርና ከአንድ አዋጅ መካከል ገብተው ተቀመጡ፤ ሙሉ ስማቸው፣ ምንም ሳይቆረጥ። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ያንን ገጽ ፎቶ አነሳችው።